ለሀሚዳ ብቻ የተቀመመ

ልደታ፣ ጥር 14 ቀን 1993 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ሀሚዳዬ፣

ደብዳቤሽን ወንድምሽ በከር ከጭነት መኪናው ሳይወርድ በመስኮት አቀበለኝ። ይሄ ሰውዬ ሰላም ለማለት እንኳ ሞተር አያጠፋም። እዚያው ደጃፌ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ግማሹ አሳቀኝ፣ ግማሹ ግን አናደደኝ። አንቺ ልጅ፣ ማድያት ወጣብኝ ብለሽ ክፍል ውስጥ ሻርፕ ተሸፋፍነሽ ታስተምሪያለሽ? ከወለድሽ ወዲህ የመጣ ነገር ነው፤ ስንቷ ላይ ወጥቷል መሰለሽ። እዚህ ከፍርድ ቤቶቹ ጀርባ ባለችው ክፍሌ ጠበቃ ትመጣለች፣ ጸሐፊ ትመጣለች፣ ሁሉም ፊቷን ሸፍና ትገባና ከወር በኋላ ገልጣ ትወጣለች።

ለጠየቅሽኝ ልመልስልሽ። ገበያ ላይ የሚቸበቸበውን የፊት ማንጫ አልቀላቅልም፤ ወላሂ ወደ ቤቴም አይገባ። የኔ ሥራ ለየፊቱ ነው። የአንዷ ቅባት ለሌላዋ አይሆንም። ስለዚህ የምጠይቅሽን ሳታፍሪ መልሺልኝ። ትምህርት ቤት ስትሄጂ ፀሐይ የሚመታሽ በየትኛው ጉንጭሽ ነው? በየትኛው ጎንሽ ትተኛለሽ? እሳት ላይ የምትጎነበሺው አንቺ ነሽ ወይስ ሠራተኛ አለሽ? የምትወስጂው መድኃኒት አለ? እሱን ካወቅኩ በኋላ ላንቺ ብቻ የሚሆነውን ቀምሜ፣ ብልቃጡ ላይ ስምሽን ጽፌ፣ በበከር እልክልሻለሁ። ገንዘብ የሚባል ነገር እንዳታነሺብኝ።

እማዬ ዓይኗ እየደከመ ነው፤ አሁን ጥላ ብቻ ነው የሚታያት። ካንቺ ደብዳቤ መጣ ስላት «ልጄ ምን አለች?» አለችኝ። እኔን ሳሚያ ብላ ትጠራኛለች፣ አንቺን ልጄ። እናትሽ ታማ በተኛችበት ጊዜ ሁለታችንን ግራና ቀኝ ይዛ ካጠባችን ጀምሮ ያዳላችው ላንቺ ነው። ቅናቴ አልወጣልኝም።

የጡት እህትሽ ሳሚያ

———

ኮምቦልቻ፣ የካቲት 3 ቀን 1993 ዓ.ም.

ወዐለይኩም ሰላም ሳሚያ፣

እንደ ፈተና ተቀምጬ ነው የመለስኩት። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ፀሐዩ በግራ ነው፣ ከሰዓት ስመለስም በግራ። ለቀኝ ጉንጬ ማን እንደጸለየለት አላውቅም። የምተኛው በቀኝ ጎኔ ነው። እሳቱ ላይ የምጎነበሰው እኔ ነኝ፤ ባሌ ሙከሚል ጨርቅ እንጂ እሳት አይነካም።

መድኃኒት ያልሽው ላይ ብዙ አሰብኩ። ይሄን ላንቺ ብቻ ነው የምጽፈው። ከሁለተኛዋ ልጅ በኋላ ልጅ እንዳይመጣ መርፌ እወጋለሁ። ሙከሚል አያውቅም። እሱ ወንድ ልጅ ይጠብቃል፣ እናቱም በየዒዱ ሆዴን ታያለች። ማድያቱን መርፌው ያባብሰዋል ሲሉ ስለሰማሁ ነው የነገርኩሽ፤ ቅመሙ የሚለወጥ ከሆነ ብዬ። አንብበሽ አቃጥዪው።

ለእማዬ ሙፊዳ ጉልበቷን ሳሚልኝ። ልጅሽ አልረሳችሽም በያት።

ሀሚዳ

———

ኮምቦልቻ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1993 ዓ.ም.

ሳሚያዬ፣ እንዴት ብዬ ላመስግንሽ፣

መስታወቱን ከጓዳ አውጥቼ ሳሎን ሰቀልኩት። ይሄ ብቻውን ይበቃሽ ነበር፤ ግን ልቀጥል። ግንባሬ ጠርቷል። ግራ ጉንጬ ላይ የነበረው ጥላ የት እንደሄደ አላውቅም። ትናንት ያለ ሻርፕ ክፍል ገባሁ። ከኋላ ከተማሪዎቼ አንዷ «ቲቸር አዲስ ናት?» ስትል ሰማኋት። ወደ ጥቁር ሰሌዳው ዞሬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሽታውንስ እንዴት አስታወስሽው? እማዬ ሙፊዳ በዒድ ጠዋት ሁለታችንን አስቀምጣ የምትቀባንን የሎሚ ቅባት ነው የሚሸተው። የሥራ ባልደረባዬ ትንሽ ቀንሰሽ ስጪኝ ብላ ለመነችኝ፤ እኔ ግን ለኔ ፊት ብቻ የተቀመመ ነው፣ አንቺን ይጎዳሻል ብዬ እምቢ አልኳት። ክዳኑ ላይ በፕላስተር የጻፍሽውን ስሜን አሳየኋት።

ይህን ደብዳቤ ለፈለግሽው ሰው አንብቢው። ሳሚያ ፊቴን መለሰችልኝ ብያለሁ።

ሀሚዳ

———

ልደታ፣ ሰኔ 9 ቀን 1993 ዓ.ም.

ሀሚዳዬ፣

አዎ፣ ሁለተኛውን ብልቃጥ ሳያልቅብሽ ልኬዋለሁ። ማታ ማታ ብቻ ተቀቢው፤ አታቋርጪው። ምን ምን አለው ያልሽው የኔ እንጀራ ነው፣ እሱን እንኳን ላንቺ ለእማዬም አልነግራትም። እሬት አለው፣ እርድ አለው፣ ሌላውን ተዪው።

ሥራ አልሐምዱሊላህ ነው። ለልደታ ማርያም በዓል ከመጡት ሴቶች ስንቱ አድራሻዬን ጠይቆ ሄደ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ጧፍ የምትሸጠው ወርቄ፣ ያኔ አብነት ሰፈር አብራን የተማረችው፣ እሷም ፊቷ ጠርቶላት ለደንበኞቿ እኔን ታወራላቸዋለች። ለሷም ለብቻዋ ነው የቀመምኩላት፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ስለምትውል።

በክረምቱ መጥተሽ እይኝ። ቢያንስ ለእማዬ ስትይ።

ሳሚያ

———

ኮምቦልቻ፣ መስከረም 22 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለእህቴ ሳሚያ፣

እንኳን አደረሰሽ። በክረምቱ ያልመጣሁት ልጆቹ ታመው ነው ብዬሽ ነበር። ልጆቹ ደህና ነበሩ። ይቅርታ፣ ፊቴን ላሳይሽ ፈርቼ ነው።

ሐምሌ ላይ ጀመረኝ። እሳት አጠገብ ስቀርብ ፊቴ ይለበለባል። ጉንጮቼ ቀይ ሆነው ይውላሉ፣ ቆዳው ሳስቶ የሽንኩርት ልጣጭ አክሎ የደም ሥሮቹ ተቆጠሩ። አገጬ ላይ ፀጉር ወጥቷል። ትቼው ባየው ይሻላል ብዬ ጥቂት ቀን አቋረጥኩት፤ ያኔ አበጠ፣ ከዚያ ማድያቱ ተመለሰ። ድሮ ግራ ጉንጬ ላይ ብቻ ነበር፤ አሁን ቀኙም፣ ግንባሩም፣ የላይኛው ከንፈሬም ጠቁሯል። መልሼ ስቀባው ረገብ ይላል። ሳልቀባው መዋል አልቻልኩም።

ሳሚያ፣ አንቺን መጠራጠሬ አይደለም። ምናልባት የነገርኩሽን አሳስቼ ይሆናል፣ ምናልባት ቅመሙ ለፀሐዬ አልሆነ ይሆናል። ግን ምን ላድርግ? ሌሎቹ ደንበኞችሽ እንዲህ ሆነው ያውቃሉ? ወርቄስ ደህና ናት?

መስታወቱን ወደ ጓዳ መልሼዋለሁ።

ሀሚዳ

———

ልደታ፣ ጥቅምት 16 ቀን 1994 ዓ.ም.

የኔ ውድ ሀሚዳ፣

አንብቤ ልቤ ተሰበረ፤ ግን አትፍሪ። ውስጥ የተቀመጠው እየወጣ ነው። ያቋረጥሽው በመሃል ነው፣ ስህተቱ እሱ ነው። በከር የሚያመጣልሽ ብልቃጥ ጠንከር ያለ ነው፤ ደብዳቤሽን ፊቴ ዘርግቼ፣ አንድ በአንድ እያየሁ የቀመምኩት ነው። ሳታቋርጪ ተቀቢው።

ሌሎቹ ደህና ናቸው። ወርቄ ቦታ ቀይራለች መሰለኝ፣ ሰሞኑን አላየኋትም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ጉርድ ፎቶ ተነሥተሽ ላኪልኝ። በጽሑፍ ብቻ ፊት ማወቅ አስቸገረኝ፤ ባየው ግን የጎደለውን ወዲያው አውቃለሁ። በተቻለሽ ፍጥነት አድርጊው፣ እስከ ኅዳር አጋማሽ ይድረሰኝ።

እማዬ ሰላም ብላሻለች። ስለ ፊትሽ አልነገርኳትም፣ እንዳትጨነቅ።

ሳሚያ

———

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 11 ቀን 1994 ዓ.ም.

ሳሚያ፣

ረመዳን ሙባረክ። ፎቶው በውስጡ አለ፤ ግን መጀመሪያ ይህን አንብቢ።

እዚህ ፎቶ ቤት ያለው አምሳሉ የሚባል ሰው ነው። ደግ ሰው ነው፣ ደግነቱ ግን አስቸጋሪ ነው። የማንንም ጉድለት አያወጣም። ኔጋቲቩን መብራት ላይ አድርጎ፣ በቀጭን የተቀረጸ እርሳስ ፊት ላይ ያለውን ሁሉ ነካ ነካ እያደረገ ያጠፋዋል። የፈንጣጣ ጠባሳ ያለበት ሰው ከአምሳሉ ቤት ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። የከተማው መታወቂያ ሁሉ እንዲህ ነው፤ የኔም።

እንዳትነካብኝ፣ ለሕክምና ነው ብዬ ለምኜው ነበር። እሺ ብሎኝ ሲያበቃ አሳዘንኩት መሰለኝ፣ ስቀበለው ሙሽራ አድርጎ አውጥቶኛል። ድጋሚ አንሣኝ ስለው «እህቴ፣ እንዲህ ሆነሽ ወረቀት ላይ እንድትቀሪ አልፈልግም» አለኝ። ጾም ይዤ ልጣላው አልቻልኩም። አንቺም አስቸኩለሽኛል።

ስለዚህ የምታዪው ፊት የኔ አይደለም። ፎቶውን አትመኚ፣ የጻፍኩትን እመኚ። ጥቁረቱ ከዓይኔ ሥር እስከ አገጬ ነው። አዲሱን ብልቃጥ ከጀመርኩ ወዲህ ብሷል። ሌሊት ማሳከኩ አያስተኛኝም። ቁርጡን ንገሪኝ፣ ልተወው?

ሀሚዳ

———

ልደታ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1994 ዓ.ም.

ሀሚዳዬ፣ ዒድ ሙባረክ፣

አጭር ስለሆነብሽ ይቅርታ፣ ሰሞኑን ጉዳይ በዝቶብኝ እዚህም እዚያም ስል ነው የከረምኩት። ፎቶሽ ደርሶኛል፤ በጣም ነው የጠቀመኝ። እንዴት አምሮብሻል። ቅባቱን እንዳትተዪው። የቀረውን በሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

ሳሚያ

———

ኮምቦልቻ፣ ጥር 6 ቀን 1994 ዓ.ም.

ሳሚያ፣

የመጨረሻ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ፎቶውን አትመኚ ብዬሽ ነበር። አንቺ አምሮብሻል አልሽኝ። ያልኩሽን አላነበብሽውም፣ ወይ አንብበሽዋል።

ደሴ ሄጄ የቆዳ ሐኪም አየኝ። ፊቴን በብርሃን እያገላበጠ ብዙ ቆየና የምን ቅባት እንደሆነ ጠየቀኝ። ለኔ ብቻ የተቀመመ የእሬትና የእርድ ነው አልኩት። አልሳቀብኝም፤ ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። እሬትና እርድ ቆዳ እንዲህ አያሳሳም፣ ፀጉርም አያበቅልም አለኝ። ውስጡ ኃይለኛ መድኃኒት አለ፤ ድንገት ካቆምሽው ያብጣል፣ ከቀጠልሽበት ይበላሻል፣ ቀስ እያልኩ ላወጣሽ የምችለው ግን ምን እንደሆነና ምን ያህል ኃይል እንዳለው ሳውቅ ነው አለኝ። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅሽ። ስሙን ጻፊልኝ። ሙያሽን አልወስድብሽም፣ ለማንም አላወራም። ስሙን ብቻ።

ሌላም ነገር አለ። ሐኪሙ ብልቃጡን አምጪ ስላለኝ ዙሪያውን በሞቀ ውኃ ሳጥብ ክዳኑ ላይ ያለው ፕላስተር ተላቀቀ። ሀሚዳ ከሚለው ሥር ሌላ ፕላስተር አለ። በራስሽ እጅ ጽሑፍ ወርቄ ይላል። ይህ ጠንከር አድርጌ ቀመምኩልሽ ያልሽኝ ብልቃጥ ነው።

ምን እንደማስብ ንገሪኝ፣ እኔ ማሰብ አልፈለግሁም።

ሀሚዳ

———

ልደታ፣ ጥር 24 ቀን 1994 ዓ.ም.

እህቴ ሀሚዳ፣

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ካንቺ አልጠበቅሁም። ብልቃጥ በየቀኑ አይገዛም፤ ባዶውን አጥቤ ደግሜ እሞላለሁ። የሷ ስም ቀርቶበት ሊሆን ይችላል። በአንዲት ፕላስተር እኔን ትጠረጥሪኛለሽ?

ሐኪም እንደሆነ የኛን ሥራ መናቅ ልማዱ ነው። ስሙን ብጽፍልሽ ነገ ደሴ ፋርማሲው ሁሉ ይሸጠዋል፣ እኔ ደግሞ እማዬን ይዤ የት እገባለሁ? ደግሞ ባንቺ ፊት ላይ የመርፌውም እጅ አለበት፤ ራስሽ የጻፍሽልኝ ነው። ትንሽ ታገሺኝ። በዚህ ወር ያለብኝ ጉዳይ ይለቅና እኔው ራሴ ኮምቦልቻ መጥቼ አይሻለሁ።

በከር ሰሞኑን ሰላም አይለኝም። ምን አጥፍቼ ነው?

ሳሚያ

———

ኮምቦልቻ፣ የካቲት 5 ቀን 1994 ዓ.ም.

ሳሚያ፣

ለበከር «ምን አጥፍቼ ነው?» ትላለች ብዬ ነግሬዋለሁ። ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።

ወርቄን እንዲፈልጋት የላክሁት እኔ ነኝ። ከአጥሩ ሥር ጧፍ የሚሸጡት ሴቶች ቤቷን አሳዩት። አብነት ነው፣ ከእናትሽ ቤት ብዙም አይርቅም። ቦታ ቀየረች ያልሽኝ እውነት ነው፤ ፀሐይ ስለማትችል ቤት ውስጥ ተቀምጣለች። ጧፉን እህቷ ነው የምትሸጥላት። በመስከረም መጨረሻ ብልቃጡን ይዛ መጥታ ሰው ፊት ጠረጴዛሽ ላይ አስቀምጣልሽ እንደሄደች ነገረችው። ፊቴን መልሺልኝ ስትልሽ ውጪልኝ እንዳልሻት፣ ከዚያ እንደከሰሰችሽ። ጉዳይ በዝቶብኝ የምትይው ይህን ነበር።

እሷ የመለሰችልሽን ብልቃጥ ነው በጥቅምት የላክሽልኝ። ክዳኑ ላይ የኔን ስም ለጥፈሽ።

ቀጥሎ ያለውን በከር ሲነግረኝ ዓይኔን አላየኝም። ወርቄ የክሱን ወረቀት አሳይታዋለች። መጨረሻው ላይ የኔ ፎቶና የሚያዝያው ደብዳቤዬ ተያይዘዋል። ጠበቃሽ ይህችም ደንበኛ በዚሁ ቅባት ድና አመስግናለች፣ ፊቷም ይኸው ብሎ ለችሎቱ አቅርቧቸዋል። ወርቄ ፎቶውን እያየች «ይቺ ሀሚዳ አይደለችም? እሷ እንዴት ዳነች?» አለችው።

ያን ደብዳቤ የጻፍኩት ከደስታ የተነሣ እንቅልፍ አጥቼ ነው። ለፈለግሽው ሰው አንብቢው ብያለሁ፣ አዎ። እንዲህ ላለው ነገር እንደምትፈልጊው አላወቅሁም። ፎቶውንም የጠየቅሽኝ ልታክሚኝ መስሎኝ ነበር። የኔ አይደለም ብዬ ከጻፍኩበት ወረቀት ለይተሽ ወሰድሽው።

ተቃጥያለሁ ሳሚያ። ፊቴን አይደለም የምልሽ።

ቀጠሮው መጋቢት 3 እንደሆነ ሰምቻለሁ። ለወርቄ ልመሰክር እመጣለሁ። ከዚያ በፊት ስሙን ብትጽፊልኝም የምቀር እንዳይመስልሽ። ሁለቱ አይገናኙም።

ሀሚዳ

———

ልደታ፣ የካቲት 18 ቀን 1994 ዓ.ም.

ሀሚዳ፣

በእማዬ ጡት ይሁንብሽ፣ አትምጪ። የጠጣነው ወተት አንድ ነው፤ በሃይማኖታችን ከእናት ልጅ አንለይም። ወርቄ ምንሽ ናት? ክፍሌን ብታዘጋኝ ዓይነ ስውር እናትሽን ማን ያበላታል? ያደረግሁትን ሁሉ ያደረግሁት ጨንቆኝ ነው። አንቺ ሩቅ ነሽ፣ አንቺ ትረጂኛለሽ ብዬ ነው።

ደግሞ ላንቺም ስል ነው የምነግርሽ። ጠበቃዬ ማንንም አይምርም። ምስክር ሆነሽ ከቆምሽ የማድያቱ ምክንያት መርፌው ነው ማለቱ አይቀርም፤ ደብዳቤሽም አለ። ከዚያ ወሬው ኮምቦልቻ ደርሶ ሙከሚል ቢሰማ እኔን እንዳትወቅሺ። አስቢበት።

ሳሚያ

———

ኮምቦልቻ፣ መጋቢት 9 ቀን 1994 ዓ.ም.

ሳሚያ፣

አቃጥዪው ያልኩሽን ደብዳቤ እንዳስቀመጥሽው ያወቅሁት በዚያ ነው። ያን ማታ ሙከሚልን አስቀምጬ ስለ መርፌው ራሴ ነገርኩት። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቀናት ሙሉ ግን አላናገረኝም፤ ሳህኑን እንኳ ራሱ ያነሣ ነበር። መንገዴ ሲደርስ የአውቶቡስ ትኬት ገዝቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። አንድ ትኬት ነው። አልሸኘኝም። የቤቴ ነገር ምን እንደሚሆን እስካሁን አላውቅም። ቢያንስ አንቺ የምትይዢብኝ ነገር አልቀረሽም።

ችሎት የሆነውን አንቺም ነበርሽበት። ግን ከኔ በኩል ምን እንደሚመስል እንድታውቂው እፈልጋለሁ።

ሻርፔን አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ አስገብቼ ነው የገባሁት። ሰው ሁሉ ሲያየኝ ተሰማኝ። ዳኛዋ ፎቶውንና እኔን እያፈራረቁ አዩ። ምስክሯ ራሷ መሆኗ በምን ይረጋገጣል ብሎ ጠበቃሽ ተነሣ። መታወቂያዬን ሰጠሁ። እሱም የአምሳሉ ሥራ ነው፤ እዚያም ላይ ሙሽራ ነኝ። ከኋላ ሰዎች ሳቁ። እኔም በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

ያኔ ዳኛዋ ወዳንቺ ዞረው ይህችን ሴት ታውቂያታለሽ ወይ ብለው ጠየቁሽ። እኔ ተንፈስ አልኩ። አሁን ያበቃል፣ ሳሚያ ታውቀኛለች አልኩ በልቤ። ከእግር እስከ ራሴ አየሽኝ። ብዙ አየሽኝ።

«አላውቃትም» አልሽ። «የፎቶዋ ባለቤት ኮምቦልቻ ናት። ይህችን ሴት አላውቃትም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አልሰማሁም። በከር ተነሥቶ እህቴ ናት፣ ብልቃጦቹንም ያመላለስኩት እኔ ነኝ ብሎ መሰከረ፤ ፊርማዬን ከደብዳቤው ጋር አስተያዩ፣ ቀጠሮ ተሰጠ። ወርቄ በረንዳው ላይ እጄን ይዛ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ እንባው ፊቴን ስለሚያቃጥለኝ ማልቀስ ትቻለሁ።

ከዚያ አብነት እናትሽ ዘንድ ሄድኩ። በሩን ሳላንኳኳ፣ ገና ግቢው ድንጋይ ላይ ስራመድ ከውስጥ «ልጄ መጣች» አለች። ጎኗ አስቀምጣኝ ፊቴን ልትዳብሰኝ እጇን ስትዘረጋ ያዝኳት። ጉንፋን ይዞኛል፣ ይተላለፍብሻል አልኳት። ምንም አልነገርኳት፤ ላንቺ ብዬ ግን አይደለም።

ዓይን የሌላት ሴት በእግር ኮቴ አወቀችኝ። እኔን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። እውነት ሳታውቂኝ ቀርተሽ ነው? እንደዚያ ከሆነ ፊቴን እንዲህ አድርገሽዋል ማለት ነው፣ የጡት እህቴ እስከማታውቀኝ ድረስ። ወይስ አውቀሽኝ ነው?

የሐኪሙም ጥያቄ እንዳለ ነው። ስሙን እስካሁን አልጻፍሽልኝም።

ሀሚዳ

———

ልደታ፣ መጋቢት 27 ቀን 1994 ዓ.ም.

ሀሚዳ፣

ይህን ስንት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ክፍሌን ራሴ ዘግቻለሁ፤ ፍርዱን አልጠበቅሁም።

ለሁሉም የምሰጠው አንድ ነበር። ከመርካቶ በካርቶን የምገዛውን የቱቦ ማንጫ ብልቃጥ ውስጥ እጨምቅና በእሬት አቀጥነዋለሁ፣ በእርድ ቀለም እሰጠዋለሁ። የምጠይቀው ጥያቄ ሁሉ ለወሬ ነው፤ ሴቶቹ ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል። የሚለየው ሽታው ብቻ ነው። ለወርቄ ጽጌረዳ፣ ላንቺ ሎሚ። የሷን ብልቃጥ ስልክልሽ ሎሚ ጨምሬበታለሁ። እኔ ራሴ አንድም ቀን ተቀብቼው አላውቅም።

ያን ቀን ገና ከበሩ ስትገቢ በአረማመድሽ አውቄሻለሁ። ፊትሽን ከማየቴ በፊት።

አታምኚኝ ይሆናል፣ ሌላ የምሰጥሽ ግን የለኝም። ሐኪሙ የጠየቀሽን ከታች ጽፌዋለሁ።

ሳሚያ

ክሎቤታሶል። ከሃይድሮኪኖን ጋር የተደባለቀ። ሁለቱም ከፍተኛው ኃይል።

———

ኮምቦልቻ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 1994 ዓ.ም.

ሳሚያ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የመድኃኒቱ ስም ያለበትን የታችኛውን ጫፍ በመቀስ ቆርጬ ለሐኪሙ ሰጠሁት። ዓመትም ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል፣ ሙሉ በሙሉ እንደነበረው ላይመለስም ይችላል፣ ግን አሁን ከየት እንደምንነሣ አውቀናል ብሎኛል። ለወርቄም እንዲደርሳት በሌላ ወረቀት ገልብጬ በበከር ልኬላታለሁ።

ለእማዬ ሙፊዳ ክረምት ሲገባ እመጣላታለሁ። አንቺ ቤት በማትኖሪበት ቀን ይሁን፤ ቀኑን ለበከር ንገሪው።

የቀረውን ወረቀት በዚሁ ፖስታ መልሼልሻለሁ። እሱን አልፈልገውም።

ሀሚዳ